የመማሪያ ኮዱ አልሰራም ሲል፦ ስህተቱን አጣርቶ ማሳወቅና ማረም

ኮዱን እንዳለ ገልብጣችኋል። ፊደል በፊደል። ራን ስትሉት ግን ቀይ ጽሑፍ ይዘረገፋል። ወይም ይባስ ብሎ ምንም ኢረር ሳያሳይ የተሳሳተ መልስ ያወጣል። መማሪያው ውጤቱ 55 ነው ይላል፤ የእናንተ ስክሪን 45 ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ "ፕሮግራሚንግ ለእኔ አይሆንም" ብሎ ይተወዋል፤ ወይ ለጸሐፊው "ኮዱ አይሰራም" የምትል አንድ መስመር ልኮ ይቀመጣል። ሁለተኛው ይሻላል ትሉ ይሆናል። ብዙም አይሻልም። መልእክቱ የደረሰው ሰው ምን ያድርግበት? የትኛው ኮድ? በስንተኛው ቨርዥን? ምን ብሎ ነው እምቢ ያለው? ይህን ሁሉ መልሶ መጠየቅ አለበት። እናንተ እስክትመልሱ ደግሞ ነገሩ ከሐሳቡ ወጥቷል።

የእኔ መለኪያ አንዲት ናት፦ መልእክታችሁን ያነበበ ሰው፣ ምንም ሳይጠይቃችሁ፣ ስህተቱን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ማየት መቻል አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እዚያ ለመድረስ ነው።

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠርጥሩ

የራሴን ጉድ ላውራ። ጀማሪ እያለሁ ዳይ መጣያ ጨዋታ የሚያሰራ፣ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚያስተምር መማሪያ እከተል ነበር። ራንደም የሚባለውን ሞጁል (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ፋይል) ጠርቶ ከ1 እስከ 6 አንድ ቁጥር ማውጣት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። የእኔ ግን አትሪቢዩት ኢረር ይላል። ራንዲንት የሚባል ነገር ራንደም ውስጥ የለም ይለኛል። አንድ ከሰዓት ሙሉ ታገልኩት። በመጨረሻ ብሽቅ ብዬ ለጸሐፊው "ሳትሞክረው ነው እንዴ የምታስተምረው?" ብዬ ጻፍኩ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ "ፋይልህን ምን ብለህ ነው ሴቭ ያደረግከው?"

ራንደም ብዬ ነበር። ፓይተን እንዲህ ያለውን ሞጁል ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው ስክሪፕቱ ያለበትን ፎልደር ነው። ስለዚህ የራሱን ራንደም ትቶ የእኔን ፋይል ይጠራ ነበር ማለት ነው። የዚያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ማንም ከመጻፌ በፊት የማጣራቸው ነገሮች አሉ። ኮዱን በእጄ ከጻፍኩት፣ ኮፒ ፔስት አድርጌ እንደገና እሞክረዋለሁ። ኮፒ ፔስት ካደረግኩት ደግሞ በእጄ እጽፈዋለሁ። ቀልድ አይደለም። በእጅ ሲጻፍ ትንሹ ኤል ከ1፣ ትልቁ ኦ ከ0 ጋር ይምታታሉ። የአማርኛ ኪቦርድ ከፍተን ከረሳነውም በኮማ ቦታ ነጠላ ሰረዝ፣ በሰሚኮለን ቦታ ድርብ ሰረዝ ይገባል። ዓይናችን ያልፈዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን አያልፈውም።

ኮፒ ሲደረግ ጣጣው ሌላ ነው። ጽሑፉ በወርድ ወይም በመሰል ፕሮግራም ከተዘጋጀ፣ ቀጥ ያሉት የጥቅስ ምልክቶች ሳይታወቅ ወደ ጠመዝማዛ ይቀየራሉ። ለንባብ ያምራሉ። ፓይተን ግን አያውቃቸውምና ሲንታክስ ኢረር (የአጻጻፍ ስህተት) ብሎ ይቆማል። ከፒዲኤፍ ሲገለበጥ ደግሞ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ሊጠፋ ይችላል። በብዙዎቹ ሌሎች ቋንቋዎች ይህ የውበት ጉዳይ ነው፤ ፓይተን ላይ የኮዱ አካል ነው። እዚህ ጋ ግን ልብ በሉ፦ መማሪያው ላይ የወጣው ጥቅስ ራሱ ጠመዝማዛ ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ሪፖርት ይደረጋል።

ቀጥሎ ወደ ኋላም ወደ ፊትም አንብቡ። መማሪያዎች ኮዱን ብዙ ጊዜ በቁርጥራጭ ነው የሚሰጡት። አራተኛው ቁራጭ ላይ የመጣው ኔም ኢረር ("ይህን ስም አላውቀውም" የሚለው)፣ ሁለተኛው ላይ የዘለላችኋት አንዲት መስመር ውጤት ሊሆን ይችላል። ወደ ፊት ማንበቡ የሚጠቅመው ደግሞ አንዳንድ ጸሐፊዎች ሆን ብለው የተበላሸ ኮድ ስለሚያሳዩ ነው። "አሁን ይህን ስህተት እናርመው" የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ቀጣዩ ገጽ ላይ ትጠብቃችኋለች።

ቨርዥኑን እዩ

የድሮ መማሪያ ስህተት ያለበት ይመስላል እንጂ ሲጻፍ ትክክል የነበረ ሊሆን ይችላል። ፓይተን 3 የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ነው። ያኔ ስክሪን ላይ ጽሑፍ የሚያወጣው ፕሪንት ፈንክሽን ሆነና ቅንፍ አስፈለገው። ፓይተን 2 ድጋፉ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለኖሩ፣ ያለ ቅንፍ የተጻፈ ፕሪንት ዛሬም አይጠፋም።

ይህኛው ቢያንስ ይጮኻል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚሳሳተው ነው። 5ን ለ2 አካፍሉ ብትሉት ፓይተን 2 መልሱ 2 ነው ይላል፤ ፓይተን 3 ደግሞ 2.5። ኢረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ፒኤችፒ በሚባለው የድረ ገጽ ቋንቋም ቨርዥን ሲቀየር የሚበላሽ ኮድ አለ፤ ይህኛው ግን ኢረር ያሳያል። ዳታቤዝ የሚጠይቀው ማይኤስኪውኤል ኩዌሪ የሚባለው የድሮው ፈንክሽንና ዘመዶቹ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በወጣው ፒኤችፒ 7 ሙሉ በሙሉ ተወግደዋል። በእነሱ የሚያስተምር ጽሑፍ ስታገኙ "ኮድህ ስህተት ነው" ብላችሁ አትጻፉ። "ይህ ከፒኤችፒ 7 ጀምሮ አይሰራም" ማለት ይበቃል። በሁለቱ አባባሎች መካከል ያለውን ልዩነት ጸሐፊው ወዲያው ያየዋል፤ የመጀመሪያው ይከሰዋል፣ ሁለተኛው ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል።

ስለዚህ መልእክት ከመጻፋችሁ በፊት ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ የቋንቋውንም የላይብረሪውንም (ኮዱ የሚጠራውን ዝግጁ ኮድ) ቨርዥን አውጡና ማስታወሻ ላይ አስቀምጡ። "አዲሱ ነው" አይበቃም። ቁጥሩ ይጻፍ።

ዝም ብለው የሚሳሳቱ ኮዶች

መጀመሪያ ወዳነሳኋት ኮድ ልመለስ። ርዕሷ "ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች መደመር" ይላል እንበል። ድምር የሚባል ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) በ0 ይጀምራል። ፎር ሉፑ (ኮድ የሚደጋግመው ክፍል) በሬንጅ(1, 10) ላይ ይዞራል፣ እያንዳንዱን ቁጥር ድምሩ ላይ ይጨምራል። ከስር "ውጤት፦ 55" ተብሎ ተጽፏል።

ሬንጅ ግን የመጨረሻውን ቁጥር አይጨምርም። የሚደመሩት ከ1 እስከ 9 ያሉት ናቸው። 45። ጸሐፊው ከ1 እስከ 10 ሲደመር 55 እንደሚሆን ስለሚያውቅ ኮዱን ሳያሰራ ውጤቱን ከጭንቅላቱ ጽፎታል። በብዙ መማሪያዎች ላይ እንዲህ ያለ ስህተት የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ኮዱ ይጻፋል፣ ይሰራል፣ ከዚያ "ትንሽ ላስተካክለው" ተብሎ ይነካካል፣ ድጋሚ ግን አይሞከርም።

እንዲህ ያለው ነገር ትልልቆቹንም አይምርም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጆሹዋ ብሎክ ራሱ ለጃቫ የጻፈው የባይነሪ ሰርች ኮድ (በቅደም ተከተል የተደረደረን ሊስት መሃሉን እያየ የሚፈልግ) ስህተት እንዳለበት በይፋ ጻፈ። ኮዱ የተከተለው እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ አንድ ታዋቂ የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ላይ ያለውን ዘዴ ነበር። መሃሉን ለማግኘት የታችኛውንና የላይኛውን ጫፍ ደምሮ ለ2 ማካፈል፤ የሒሳብ መምህር ቢያየው ምንም አይወጣለትም። ኮምፒውተሩ ላይ ግን የጃቫ ኢንት (የሙሉ ቁጥር መያዣ) ከ2,147,483,647 በላይ መያዝ አይችልም። ሊስቱ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሲሆን ድምሩ ከዚህ ያልፍና ኔጌቲቭ ይሆናል። መፍትሔው የሁለቱን ልዩነት ለ2 አካፍሎ የታችኛው ላይ መደመር ነው። ስንት ሰው አንብቦት፣ ስንት ሰው አስተምሮበት፣ ለዓመታት ማንም ልብ ሳይለው ኖረ።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። "እኔ ጀማሪ ነኝ፣ እሱ ባለሙያ ነው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" ብሎ ዝም የሚል ብዙ ሰው አለ። ራሳችሁን ጠርጥሩ ብያለሁ፤ ከጠረጠራችሁና ካጣራችሁ በኋላ ግን 45 ማለት 45 ነው።

ችግሩን አሳጥሩት

200 መስመር ኮድ አትላኩ። አዲስ ባዶ ፋይል ክፈቱ። ከችግሩ ጋር አይገናኝም ያላችሁትን አንድ በአንድ እያወጣችሁ በየመሃሉ አሰሩት። ችግሩ ከጠፋ የመጨረሻ ያወጣችሁት ነገር እጁ አለበት ማለት ነው፤ መልሱትና ቀጥሉ። ሌላ የሚወጣ ነገር ሲጠፋ የቀራችሁ ኮድ ብዙ ጊዜ ከ10 መስመር አይበልጥም። እዚህ ደረጃ ላይ ስህተቱን ራሳችሁ ታገኙትና ሪፖርቱ ወዲያው ወደ እርማት ይቀየራል። እኔ ከጀመርኳቸው ሪፖርቶች ግማሽ ያህሉ ሳይላኩ የቀሩት እዚህ ጋ ነው። ምክንያቱን ሳሳጥር ደረስኩበት፤ እኔው ነበርኩ።

መልእክቱ ምን ይምሰል

ለመደመሪያዋ ኮድ እኔ ብጽፍ እንዲህ እል ነበር፦

"ጤና ይስጥልኝ። ስለ መማሪያው አመሰግናለሁ፤ ሉፕ የገባኝ በእርስዎ ጽሑፍ ነው። ምዕራፍ 3 ላይ፣ ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች መደመር በሚለው ርዕስ ስር ያለውን ሁለተኛ ኮድ ሳልነካካ ገልብጬ በአዲስ ፋይል አሰራሁት። ፓይተን 3.12፣ ዊንዶውስ 11። ጽሑፉ ላይ ያለው ውጤት 55 ነው፤ የወጣልኝ 45 ነው። ሬንጅ(1, 10) 10ን ስለማያካትት ይመስለኛል። ሬንጅ(1, 11) ሳደርገው 55 ሰጥቶኛል። ይኸው ሬንጅ በምዕራፉ መጨረሻ ባለው መልመጃ ላይም አለ፤ እዚያ ሆን ተብሎ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም።"

እስቲ ምን እንዳለበት ተመልከቱ። ቦታው በትክክል ተነግሯል። የተጠበቀውና የወጣው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ያየሁት "ነው" ተብሏል፣ የገመትኩት "ይመስለኛል" ተብሏል። ይህን መለየት ትልቅ ነገር ነው፤ ግምታችሁ ስህተት ቢሆን እንኳ ያያችሁት አብሮ አይወድቅም። ምስጋናውም ለይስሙላ አይደለም። ነፃ መማሪያ የሚጽፍ ሰው በአብዛኛው የሚሰማው ቅሬታ ብቻ ነው።

ኢረር ካለ ሙሉውን በጽሑፍ ገልብጡት። ስክሪንሾት ብቻ አትላኩ፤ ከፎቶ ላይ ኮፒ አድርጎ መፈለግ አስቸጋሪ ነው። በስልክ የተነሳ የስክሪን ፎቶ ደግሞ በሕግ ቢከለከል ደስታውን አልችለውም። የፓይተን ኢረር ሲረዝም ዋናው ነገር ያለው መጨረሻው መስመር ላይ ነው፤ ቢሆንም የላይኛውን አትቁረጡት፣ ስህተቱ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ የሚያሳየው እሱ ነው። ከመላካችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ አንብቡት። የይለፍ ቃል፣ የኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራም ወደ አንድ አገልግሎት የሚገባበት ምስጢር ኮድ) ወይም የፎልደሩ አድራሻ ላይ ስማችሁ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

የት ይላካል የሚለው ብዙ አያነጋግርም። መጽሐፍ ከሆነ አሳታሚው የእርማት ዝርዝር ሊኖረው ይችላል፤ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ፣ ምናልባት ታርሟል። ኮዱ ጊትሀብ (ኮድ በጋራ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ካለ ኢሹ (የችግር ማስታወቂያ) ይከፈታል። ከመክፈታችሁ በፊት የተዘጉትንም ኢሹዎች ጭምር ፈልጉ። ሁለቱም ከሌለ ኢሜይል።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ስህተቱ የደኅንነት ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ተጠቃሚው የጻፈውን ስም በቀጥታ ከኤስኪውኤል (ዳታቤዝ ከሚታዘዝበት ቋንቋ) ትእዛዝ ጋር የሚቀጥል መማሪያ ስንቱን አሳስቷል! ኮዱ ይሰራል፣ ውጤቱም ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንድ ተንኮለኛ በስም ቦታ ትእዛዝ ቢጽፍበት ዳታቤዙ የእሱ ነው። ኮዱ የመማሪያ ብቻ ከሆነ በግልጽ አሳውቁ፤ እሴቶቹ ከትእዛዙ ተለይተው በፓራሜትር እንዲያልፉ ብላችሁ መፍትሔውንም ጨምሩ። ያው ኮድ በእውነተኛ ድረ ገጽ ላይ እየሰራ መሆኑን ካወቃችሁ ግን አደባባይ አታውጡት፤ ለባለቤቱ በግል ንገሩት።

ራሳችሁ ስታርሙት

ጊትሀብ ላይ ላለ ጽሑፍ የፊደል ግድፈት ማረም እዚያው ብራውዘር ላይ ይቻላል። ፋይሉን ከፍታችሁ የእርሳሷን ምልክት ተጫኑ፤ የመጻፍ ፈቃድ ባይኖራችሁ ፎርኩን (የራሳችሁን ቅጂ) ራሱ ያዘጋጅላችኋል። ኮድ የሚነካ እርማት ከሆነ ግን ሪፖውን (የፕሮጀክቱን ማከማቻ) ፎርክ አድርጉ፣ ወደ ኮምፒውተራችሁ አውርዱ፣ ለብቻው ብራንች (ለውጡ የሚሰራበት ቅርንጫፍ) ክፈቱ። እዚያ ቀይሩ፣ አሰሩ፣ ኮሚት አድርጉ (ለውጡን መዝግቡ)፣ ፑል ሪኩዌስት (ለውጡን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ላኩ። አስቀድሞ የተከፈተ ኢሹ ካለ ማብራሪያው ላይ "ፊክስስ" የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ከኢሹው ቁጥር ጋር ከጻፋችሁ፣ እርማታችሁ ዋናው ብራንች ላይ ሲዋሃድ ኢሹው በራሱ ይዘጋል።

ቴክኒኩ ይኸው ነው። ከባዱ ነገር እጅን መሰብሰብ ነው። ሬንጁን ልታርሙ ገብታችሁ የቫሪያብሉ ስም አይጥማችሁም። ክፍት ቦታው አራት ሳይሆን ሁለት ነው። ሙሉ ሉፑም "ሰም" በሚባለው ደማሪ ፈንክሽን በአንዲት መስመር ሊተካ ይችላል። እውነት ነው፣ ይችላል። ግን ምዕራፉ የሚያስተምረው ሉፕ ነው! ሉፑን አውጥታችሁ ያሳጠራችሁት ኮድ ትምህርቱን ገደለው። የመማሪያ ኮድ ከሥራ ኮድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ዓላማው እንዲያጥር ሳይሆን እንዲገባ ነው። 10ን ወደ 11 ቀይሩና ውጡ። ሌላው ሐሳባችሁ ጥሩ ከሆነ በሌላ ፑል ሪኩዌስት ይምጣ።

ለውጡ ትንሽ ቢሆንም ዙሪያውን ግን ቃኙ። ከኮዱ ስር ያለው ማብራሪያ "ሉፑ ዘጠኝ ጊዜ ይዞራል" የሚል ከሆነ አሁን አስር ሆኗል። ኮዱ በምስልም ከቀረበ ምስሉ የድሮውን ይዞ ይቀራል። ለማውረድ የተዘጋጀ ዚፕ ካለ እዚያም ውስጥ አለ። ሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ቅጂ ካለም እንዲሁ። ኮዱ ታርሞ ማብራሪያው ሳይታረም ሲቀር፣ ቀጣዩ አንባቢ ከበፊቱ ይልቅ ግራ ይጋባል።

እርማታችሁን በእናንተ ማሽን ብቻ አትለኩት። አንድ ጊዜ የፋይል አድራሻ ላይ ስላሽ ስህተት ነው ብዬ ወደ ባክስላሽ ቀይሬ ልኬ ነበር። ዊንዶውስ ላይ ሰራልኝ። ሌላ ሰው ሊኑክስ ላይ ሲሞክረው ፋይሉን አላገኘውም። ከዚያም ብሶ ከባክስላሹ ቀጥሎ ያለው ስም በትንሹ ኤን የሚጀምር ቢሆን ኖሮ ዊንዶውስ ላይም አይሰራም ነበር፤ ፓይተን ባክስላሽና ኤን ሲገናኙ "አዲስ መስመር ጀምር" ብሎ ነው የሚያነባቸው። ጸሐፊው ስላሽ የተጠቀመው አውቆ ነበር።

መልስ ካልመጣ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቃችሁ አንዴ አስታውሱ። ከዚያ በላይ አትጨቅጭቁ። "ሆን ብዬ ነው ያቀለልኩት" የሚል መልስ ከመጣ ደግሞ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ በተዘጋጀ የአማካይ ስሌት ላይ "ሊስቱ ባዶ ቢሆን ለ0 ማካፈል ይመጣል" ማለት እውነት ነው፤ ጸሐፊው ግን ያንን ምዕራፍ 6 ላይ ሊያነሳው ይችላል። አንዲት የማስታወሻ መስመር ትግባ ብላችሁ ጠይቁ፤ አይሆንም ካለ መማሪያው የእሱ ነው።

እናንተ ጸሐፊው ከሆናችሁ

ውጤትን ከጭንቅላት አትጻፉ፤ ከተርሚናል ገልብጡ። ከዚህም የተሻለው ኮዱን ከጽሑፉ እያወጣ የሚያሰራ ነገር መጠቀም ነው። ፓይተን ዶክቴስት የሚባል ሞጁል አብሮት ይመጣል። ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ምሳሌዎች አሰርቶ፣ ከተጻፈው ውጤት ጋር አስተያይቶ፣ ልዩነት ካለ ይጮኻል። 45ና 55ን በሰከንድ ይይዛቸዋል። ረስት በሚባለው ቋንቋ ደግሞ በላይብረሪ ማብራሪያ ውስጥ ያሉ ምሳሌዎች በካርጎ ቴስት ትእዛዝ አብረው ይፈተናሉ። ከምሳሌው አጠገብ በየትኛው ቨርዥን እንደተሞከረ መጻፍም አትርሱ።

ስህተት ያገኘላችሁን ሰው አመስግኑ። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ በመጽሐፎቹ ውስጥ ስህተት ቀድሞ ላገኘ ሰው እስከ እ.ኤ.አ. 2008 ድረስ የ2.56 ዶላር ቼክ ይልክ ነበር፤ 256 ሳንቲም አንድ የሄክሳዴሲማል (በ16 የሚቆጠርበት ዘዴ) ዶላር ነው ይላል። ብዙዎቹ ቼኩን መንዝረው አልበሉትም፣ በፍሬም አድርገው ሰቅለውታል። እናንተ ገንዘብ መክፈል አይጠበቅባችሁም። ስሙ እንዲጠቀስ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት፤ ይበቃል።

እርማቱ ገብቷል ሲባል አንድ ሥራ ይቀራል። ድሮ የከፈታችሁትን ታብ ዝጉ፤ ብራውዘሩ የቀድሞውን ገጽ አስቀምጦ ሊያሳያችሁ ይችላል። ገጹን እንደ አዲስ ክፈቱ። ኮዱን ከራሱ ከገጹ ላይ ገልብጡ፣ እናንተ ጋ ካለው ፋይል ሳይሆን። ባዶ ፋይል ላይ ለጥፉና አሰሩት። 55 ካለ ጨርሳችኋል።